መጀመሪያ ለውሃው መንገዱን ስጡት

ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች፣ ለሁለቱ ከተሞች ምክር ቤቶች፣ በመሬትና በፕላን ሥራ ላይ ላላችሁ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ለነዋሪው ሁሉ

ጉዳዩ፦ አዳዲስ ሰፈሮች የሚታቀዱበትና የሚጸድቁበት ቅደም ተከተል እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፈው ክረምቱ ሳይገባ ነው። ሐምሌ ከገባ በኋላ ለደብዳቤ የሚሆን ልብ አይኖረኝም። ማታ ማታ ጆሮዬ ከቤቴ ጀርባ ያለው ዳገት ላይ ይሆናል።

ደሴ ተወልጄ ደሴ ያደግሁ ሰው ነኝ። ረጅም ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ቤት የሠራሁት በማህበር ነው። እንደ ብዙዎቻችሁ ተደራጀን፣ ብሩን በዝግ ሒሳብ አስገባን፣ ጠበቅን፣ ደግሞ ጠበቅን። እጣ የወጣ ቀን እናቶች እልል አሉ። አንዷ የማህበራችን አባል የእጣ ቁጥሯ የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት ጡቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ቤቷ ስትሮጥ አይቻለሁ። ቤት ለሰው ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ችካሉ የተተከለው በጥር ነው። መሬቱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ዳገቱም ለዓይን የሚያምር ነበር። ከዚያ መሬት የተነሱ አንድ ገበሬ አባት ቆመው ያዩናል። ወደ እኔ መጡና በበትራቸው ሁለት ችካል መሃል እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ የውሃ መሄጃ ነው፤ በክረምት ታዩታላችሁ» አሉኝ። ቀያሹም ሰምቷል። ግን በእጁ ያለው ወረቀት ላይ ውሃ የለም። ወረቀቱ ላይ ያለው 200 ካሬ፣ 200 ካሬ፣ 200 ካሬ ነው።

በሁለተኛው ክረምት አየነው። ከእኔ በላይ ያለው ጎረቤቴ መሠረት ሊያወጣ ዳገቱን በሎደር አስቆርጦት ነበር። አጥፍቷል አልልም። ዳገት ላይ ቦታ የደረሰው ሰው ሳይቆርጥ የት ይሠራል? ሌሊት ላይ አፈሩ ወረደ። የጀርባ አጥሬን ገፍቶ ጣለው፣ ኩሽናዬን እስከ ጉልበት ድረስ ጭቃ ሞላው። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ጎህ ሲቀድ የቅሬያችን፣ ማለትም የዕድራችን፣ ሰው አካፋውን ይዞ ደረሰ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እስከ ማታ ጭቃውን ሲዝቁልኝ ዋሉ።

ከዚያ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። የሰፈሬንም የቢሮውንም ስም አልጠራም፤ የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ያገኘሁት ባለሙያ ጨዋ ሰው ነበር። ፋይሉን አወጣና አብረን አየነው። በፕላኑ ላይ ዲች፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ የሚባል ነገር የለም። «ታዲያ ማን ነው መሥራት ያለበት?» አልኩት። ዝም አለ። እሱ ምን ያድርግ፤ ቦታው ሲሸነሸን ስለ ውሃው የጠየቀ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ የምለው አንድ ነገር ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ቦታው ይሸነሸናል። ቀጥሎ ሰው ይገባል። ከዚያ መንገድ ይለመናል፣ ከዚያ መብራት፣ ከዚያ የቧንቧ ውሃ። መጨረሻ ላይ፣ አንድ ቤት ከተናደ በኋላ፣ ስለ ጎርፉ ይወራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። የምለምናችሁ ይህን እንድታዞሩት ነው። መጀመሪያ የውሃው መንገድ ይሰመር። ቀጥሎ የሰው መንገድ። ቦታ የሚሸነሸነው ከዚያ በተረፈው መሬት ላይ ይሁን።

ደሴን የማያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። ደሴ ግን ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ አይደለችም። በአንድ ወገን ጦሳ፣ በሌላው አዝዋ ገደል ይዘዋታል፤ በመሃል ቦርከና ይወርዳል። ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ነው የሚጥለው። የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። ከሥራችን ያለው የጥንት እሳተ ገሞራ አለት ላዩ በብዙ ቦታ በስብሶ አፈር ሆኗል። ከተራራው የወረደ ልቅ አፈርም በየዳገቱ ግርጌ ተከምሯል። ይህ አፈር በበጋ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ውሃ ሲጠጣ ግን ይከብዳል፣ ይላላል፣ ይንሸራተታል። ግርጌውን ከቆረጥነው ደግሞ ደግፎ የያዘውን እግሩን ነው የምንቆርጠው።

በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን የደረሰውን ሁላችንም እያለቀስን አይተናል። መጀመሪያ የተናደው መሬት ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። እነሱን ለማውጣት የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ላይ ደግሞ ሌላው ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የእኛ ቅሬ ሰዎችም ኩሽናዬ በጭቃ የተሞላ ቀን አካፋ ይዘው የቆሙት ልክ እንደዚያ ባለ፣ ገና ረግቶ ባልቆመ ዳገት ሥር ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

የሒሳብ መምህር ነበርኩና አንድ ስሌት ልሥራላችሁ። ጣሪያው 100 ካሬ የሆነ ቤት እንውሰድ። በአንድ ከባድ ዝናብ 50 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ ከዚያ ጣሪያ ብቻ 5,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ሰፈሩ 200 ቤት ካለው 1,000,000 ሊትር ነው። 10,000 ሊትር በሚጭን ቦቴ ብንቆጥረው 100 ቦቴ። ይህ የጣሪያው ብቻ ነው፤ ሲሚንቶ የተደረገው ግቢና ኮብልስቶኑ አልተቆጠረም። ቦታው የባቄላ ማሳ በነበረ ጊዜ ከዚህ ውሃ ብዙውን መሬቱ ይጠጣው ነበር። ቆርቆሮ አይጠጣም። 100 ቦቴ ውሃ ከላይኛው ሰፈር ወደ ታችኛው በአንድ ከሰዓት ሲለቀቅ የት ይሂድ? አዲስ ሰፈር የሚያጸድቅ ወረቀት ይህን ጥያቄ በመስመርና በቁጥር መመለስ አለበት። ካልመለሰ አይጽደቅ።

ሌላም ውሃ አለ፣ በዓይን የማይታይ። ሁላችንም በየግቢያችን የመጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍረናል። ከዚያ የሚሰርገው ዓመቱን ሙሉ ወደ ዳገቱ ሆድ ይገባል። የላይኛው ሰፈር ጉድጓድ የታችኛውን ሰፈር ዳገት ያርሰዋል። ቦታ ሲሰጥ ይህም ይታሰብ።

ሕግ የለም አይባልም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 አለ። መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን ብሎ ለያይቶ አስቀምጧል። አንዱ ከተማዋን በሙሉ ያያል፣ ሌላው ሰፈሩን ቀረብ ብሎ ያያል። ሕዝብ እንዲሳተፍ፣ ሥራውም በግልጽ እንዲሆን አዋጁ ራሱ ይጠይቃል። ስለዚህ እኔ አዲስ አዋጅ አልጠየቅኩም።

የሕንፃ ፈቃድን በተመለከተ ግን የሚከነክነኝ ነገር አለ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ በሦስት ምድብ ከፈለ። የከፈላቸውም በፎቅ ብዛት፣ በከፍታ፣ በምሰሶዎች መካከል ባለ ርቀትና በአገልግሎት ነው። ፎቅ የሌላት ተራ መኖሪያ ቤት ምድብ ሀ ውስጥ ትገባለች፤ ቁጥጥሩም ይቀልላታል። ለሜዳ ከተማ ይህ ያስኬዳል። ደሴ ላይ አደጋው ያለው ከቤቱ ጀርባ ነው። አምስት ሜትር በተቆረጠ ዳገት ሥር ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ሜዳ ላይ ከቆመ ባለ አራት ፎቅ ይልቅ ታስፈራኛለች። የከተማ ምክር ቤቶቻችን በሥልጣናቸው ልክ አንድ መመሪያ ይጨምሩ። ዳገት የሚቆርጥ ሰው፣ ቤቱ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ አስቀድሞ ቆረጣውንና የድጋፍ ግንቡን ያስፈቅድ። በጣም ቁልቁል የሆነ ቦታ ደግሞ ከነጭራሹ ለቤት አይሰጥ። ዛፍ ይተከልበት።

የድሃውን ነገርም እናስብ። የድጋፍ ግንብ ብር ይበላል። መሃንዲስ ቀጥሮ ንድፍ ማሠራት ለቀን ሠራተኛ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ለየዳገቱ ዓይነት የሚሆን፣ በአካባቢው ድንጋይ የሚሠራ ጥቂት ንድፍ ተዘጋጅቶ በነጻ ይታደል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም እዚሁ ኮምቦልቻ ነው። ሲቪል ምህንድስና የሚማሩ ልጆቻችን የመመረቂያ ሥራቸውን በራሳችን ዳገት ላይ ቢሠሩት ምንኛ መልካም ነበር!

አሁን ወደ ፈቃዱ ልምጣ። ጠበቅ ይበል ስል ይጓተት ማለቴ አይደለም። እንዲያውም የሚጓተት ፈቃድ ነው ልቅ ግንባታ የሚወልደው። ሰው የጨረቃ ቤት የሚሠራው ሕግ ጠልቶ አይመስለኝም። ልጆች አሉት፣ ኪራይ በየጊዜው ይጨምርበታል። ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ ኪራዩ የባሰ ሆኗል። በሕጉ መንገድ ልሂድ ያለው ሰው ፋይሉን ተከትሎ ወራት ይንከራተታል። «ሰውየው ስብሰባ ላይ ነው»፣ «ሲስተም የለም»፣ «ሰኞ ና» ይባላል። ሰኞ ሲሄድ ፋይሉ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነው። ያለ ፈቃድ የሠራው ጎረቤቱ ግን ክረምቱን ቤቱ ውስጥ አሳልፏል። ይህን ያየ ሰው ምን ይማራል?

ለዚህ መድኃኒቱ ቁርጥ ቀን ነው። ማመልከቻ በገባ በዚህን ያህል ቀን መልስ ይሰጣል ተብሎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የተከለከለ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ይያዝ፤ ምን ቢያስተካክል እንደሚፈቀድለትም ይጻፍለት። ቀኑ ካለፈ ፋይሉ ባለጉዳዩ ሳይለምን ወደ በላይ ኃላፊ ይሂድ። የታማኝ ባለሙያዎቻችንም ሸክም በዚህ ይቀላል። ብዙዎቹ ከአቅማቸው በላይ ፋይል ተሸክመው፣ ከላይም ከታችም እየተወቀሱ እንደሚሠሩ አውቃለሁ።

ስለ ሕዝብ ምክክር ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የኔ ኩሽና በጭቃ የተሞላው እዚህ ላይ ባለ ጉድለት ነው። ያ ገበሬ አባት የውሃውን መንገድ ያውቁ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ አይተውታል። ያወቁትን የሚናገሩበት ቦታ ግን አልነበረም፤ እኔን አግኝተው ነገሩኝ፣ እኔም ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት አንድ ሰው ማሳው ዳር ድረስ ሄዶ «አባቴ፣ ውሃ በየት ይወርዳል?» ብሎ ቢጠይቃቸው ኖሮ፣ ሁለት ቦታ ለዲች ይተው ነበር። በቃ፣ ሁለት ቦታ።

የእስካሁኑ የስብሰባ አጠራር እንዴት እንደሆነ እናውቃለን። በሥራ ቀን ጠዋት ነው። የሚመጣው ጡረተኛና የሚታወቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ጉልት የምትቸረችር እናት አትመጣም፣ የባጃጅ ሹፌር አይመጣም፣ የፋብሪካ ሠራተኛ አይመጣም። የሚታየው ካርታም ባለሙያ ብቻ የሚያነበው ነው። እኔ የምለው ካርታው ሰው ወዳለበት ይሂድ። በየቀበሌው፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ገበያው መግቢያ ላይ ይለጠፍ። ቢያንስ ለአንድ ወር ይቆይ። «ይህ ወንዝ ነው፣ ይህ ያንተ ቤት ነው፣ እዚህ ጋ መንገድ ይወጣል» የሚል በግልጽ አማርኛ ይጻፍበት። ቅሬዎች በወር ስብሰባቸው ላይ ይወያዩበት፤ ቅሬ ውስጥ የሌለ ቤተሰብ ማግኘት ይቸግራል። የተሰጠው አስተያየት ይመዝገብ። ተቀበልነው ወይም አልተቀበልነውም፣ ምክንያቱም ይህ ነው የሚል መልስ ይለጠፍ።

ትልቁ ምክክር ደግሞ አይጠየፍ አዳራሽ ቢደረግ ደስታዬ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ስሙ የወጣለት ሰውን ሁሉ ያለ ልዩነት ስለሚያበላ ነው ይባላል። የከተማችንን ነገ ለመምከር ከዚያ የተሻለ ቤት የት ይገኛል?

የሚነሱትን ገበሬዎች ነገርም አልዘለውም። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለዘለቄታው ከመሬቱ ለሚነሳ ገበሬ የሚከፈለው ካሳ ከቀድሞው የዓመት ገቢ 10 እጥፍ ወደ 15 እጥፍ ከፍ ብሏል። መልካም ነው። ግን ብር ያልቃል። ማሳው ሰፈር ሲሆን ልጁ ያው ሰፈር ውስጥ ዘበኛ ሆኖ ሲያድር አይተናል። አዲሱ ሰፈር ሲሸነሸን ለእነሱ ቤተሰብ ጥሩ ቦታ፣ መንገድ ዳር፣ ሱቅ የሚሠራበት፣ አስቀድሞ ይያዝላቸው። ጎረቤቶቻችን ሆነው ይቅሩ።

ኮምቦልቻዎች፣ እስካሁን ስለ ደሴ ብቻ ያወራሁ መስሏችሁ ይሆናል። ስለ እናንተም ነበር የማወራው። ቦርከና ከእኛ ተነስቶ ወደ እናንተ ነው የሚወርደው። በሁለታችን መካከል በመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ከ600 ሜትር ይበልጣል። ያ 100 ቦቴ ውሃ በመካከላችን ካለው ከሐረጎ ዳገት በታች የማን እንደሚሆን አስቡት። የእኛ ቆሻሻ፣ የእኛ አፈር፣ የእኛ ጎርፍ እናንተ ደጃፍ ይደርሳል፤ ከእናንተ አልፎ ወደ ቃሉ ማሳዎች ይገባል፤ ውሎ አድሮም አዋሽን ይቀላቀላል። ደሴ አንድ ሰፈር ስታጸድቅ የኮምቦልቻን ክረምት እየወሰነች ነው። እንዲህ ከሆነ ለምን አብራችሁ አታዩትም? በቦርከና ተፋሰስ ውስጥ የሚጸድቅ ማንኛውም አዲስ ሰፈር በሁለቱም ከተሞች ባለሙያዎች ፊት ይቅረብ። ለዚህ ትልቅ ተቋም አያስፈልግም። በየወሩ አንድ ቀን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ካርታ ይበቃል።

ኮምቦልቻ የራሷም ጭንቀት አለባት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ሥራ ፍለጋ የሚመጣው ወጣት መጠለያ ይፈልጋል። አንዲት ክፍል አራትና አምስት ሆነው የሚከራዩ ልጆች አሉ። ርካሽ ቦታ የሚገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንዝ ዳር ነው፣ ውሃው ሲሞላ በሚያጥለቀልቀው ቦታ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና፣ አሥር ዓመት ዝም ያለ ወንዝ አያዘናጋችሁ። የወንዙን ዳር ከወዲሁ አስምሩና ክፍት ተዉት። ለሠራተኛው ቤት ከፋብሪካው በእግር የሚደረስ፣ ከጎርፍ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉለት።

መንገድን በተመለከተ ከአገራችን ልምድ አለ። ከአሥር ዓመታት በፊት ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አዳማና መቀሌ ሰው ከመድረሱ በፊት የዋና መንገዶችን መሬት ማስከበር ጀመሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው። በማስፋፊያው መሬት ላይ 30 ሜትር የሚሰፋ መንገድ በየ1 ኪሎ ሜትሩ ግድም አስቀድሞ ይሰመራል። አስፋልቱ ቆይቶ ይምጣ፤ መሬቱ ግን ይከበራል። ቤት ከተሠራ በኋላ መንገድ ማውጣት ማፍረስ፣ ካሳና እንባ ነው። እኛ ዘንድ ቀጥ ያለ መንገድ በዳገቱ ላይ አይሆንም። የዳገቱን ወገብ ተከትሎ የሚዞር ይሁን፤ የላይኛው ጎኑ ላይ ዲቹ አብሮት ይውጣ። ያኔ መንገዱ ራሱ ውሃውን ይይዘዋል። ወደ ጢጣ፣ ወደ ቦሩ ሜዳና ወደ ገራዶ የሚሰፋው ሰፈር ገና ብዙ ያልተነካ መሬት አለው። ጊዜው አልረፈደም።

አንድ ነገር ቀረኝ። በፕላን ላይ አረንጓዴ የተቀባ ቦታ ከዓመታት በኋላ ቤት ሆኖ ይገኛል። የልጆች መጫወቻ የተባለው ይታጠራል። ፕላን ጨርሶ አይለወጥ አልልም፤ ከተማ ይለወጣል። ሲለወጥ ግን መጀመሪያ በጸደቀበት መንገድ ይሁን። ያው ካርታ ይለጠፍ፣ ያው ቅሬ ይጠየቅ፣ ማን እንደጠየቀና ማን እንደፈቀደ በስም ይጻፍ።

ከእናንተ የምጠብቀው ደብዳቤ አይደለም፤ በአካል እንድትመጡ ነው። በሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ኑ። ቦት ጫማ አድርጉ፣ የሰፈሩንም ካርታ ይዛችሁ ኑ። የቅሬያችን ሰዎች ይጠብቋችኋል። እኔም እኚያን አባት እጠራቸዋለሁ፤ አሁን የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር ነው፣ ቤታቸው ሩቅ አይደለም። በበትራቸው ያሳዩናል፣ እኛ በእርሳስ እናሰምራለን።

ከአክብሮት ጋር
በማህበር ቤት የሠራሁ መምህር፣ ደሴ